2,000 ቀን ስንት ዓመት ከስንት ወር ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ሥራ ልትለቂ ነው። ያገለገልሽው 2,000 ቀን ነው። በስልክሽ ለ365 ስታካፍዪው 5.479 አለሽ። «5 ዓመት ከ4 ወር ማለት ነው?» ብለሻል።

አይደለም። ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር ወር አይደለም፤ የዓመት ክፋይ ነው። 0.479ን መልሰሽ በ365 አባዢው። 175 ቀን ገደማ ይመጣል። ይህ 5 ወር ከ25 ቀን ነው። ከአንድ ወር በላይ ልታጪ ነበር!

እኔ የሠራተኛ ፋይል ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ንብረት ክፍል ይሠሩ የነበሩ አንድ አባት ጡረታ ሲወጡ አገልግሎታቸው በስሌት 18.9 ዓመት መጣ። ደብዳቤው ላይ ግን «18 ዓመት ከ9 ወር» ተብሎ ተጻፈላቸው። 0.9 ዓመት እኮ 11 ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን የቀረው ነው። ወደ ሁለት ወር የሚጠጋ ድካማቸው በወረቀት ላይ ቀረ። ፈርመው ሊሄዱ ሲሉ ነው የደረስንበት። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ለ360 የሚያካፍልም አለ፤ ወር 30 ቀን ነው ብሎ። ያ ደግሞ 5 ዓመት ከ6 ወር ከ20 ቀን ይልሻል። ጳጉሜን ረስቷል።

ዋናው ነገር ያለውም ጳጉሜ ላይ ነው። ኅዳር 10 ቀን 2011 ሥራ ጀምረሽ ግንቦት 2 ቀን 2016 ብትጨርሺ ልክ 2,000 ቀን ነው። 5 ዓመት ከ5 ወር ከ23 ቀን። ሌላዋ ግንቦት 10 ቀን 2010 ጀምራ ጥቅምት 27 ቀን 2016 ብትጨርስ የሷም 2,000 ቀን ነው። ግን 5 ዓመት ከ5 ወር ከ18 ቀን ይሆናል። ለምን? አንቺ ያለፍሽው 5 ጳጉሜ ነው፣ እሷ 6። ደግሞ በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች። 2011 እና 2015 እንደዚያ ነበሩ።

ስለዚህ አታካፍዪ። የቅጥር ደብዳቤሽን አውጪና ከቀን እስከ ቀን ቁጠሪ። መጀመሪያ ሙሉ ዓመቱን፣ ቀጥሎ ወሩን፣ የቀረውን በቀን።

የጀመርሽበትን ቀንም አትርሺ፤ እሱም ተሠርቶበታል። ስልክ ላይ ቀን ከቀን ሲቀነስ አንድ ቀን የሚጎድለው በዚህ ነው። የኛ ሰው አርባ ቀን ሲቆጥር የመጀመሪያዋን ቀን ይጨምራል። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ አርባኛው ቀን ልደተ ስምዖን የካቲት 8። ቆጥረሽ እይው፣ 29ን ካልጨመርሽ 39 ነው የሚሆነው።

ሳምንትና ሰዓቱ ቀላል ነው። 285 ሳምንት ከ5 ቀን፣ ወይም 48,000 ሰዓት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። 2,000 ያልሽው እሑድን ጨምሮ ነው? ሥራ ገብተሽ የፈረምሽባቸውን ቀናት ብቻ ቆጥረሽ ከሆነ፣ በሳምንት 6 ቀን እየሠራሽ፣ ነገሩ ከ6 ዓመት ያልፋል። የጀመርሽበትንና የምትለቂበትን ቀን ጻፊልኝ፣ አብረን እንቆጥረዋለን።