እንግዳው ምኑ ነው የተቀየረው? (ጌስት ሪሌሽን ልትጀምር ለጠየቀችው እህታችን)

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አዲስ አበባ ውስጥ በሚከፈት ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል በጌስት ሪሌሽን (እንግዳ ተቀብሎ በሚንከባከበው ክፍል) ልትጀምሪ ነው። አሰልጣኛችሁ «የድሮ እንግዳና የዛሬ እንግዳ አንድ አይደለም» ብሎ አለፈው። አንቺ ደግሞ ምኑ ነው የተቀየረው፣ ከመጀመሬ በፊትስ ኮርስ ልውሰድ ወይ ብለሽ ጠየቅሽ። እኔ ፍሮንት ኦፊስ (ሪሴፕሽን) ከገባሁ 22 ዓመቴ ነው። ስድስቱን ዱባይ፣ የቀረውን እዚሁ ሸገር ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ድሮ እንግዳው መታየት ይፈልግ ነበር። አሁን የሚፈልገው ጊዜውን እንዳትነኪበት ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመዘዛል።

እኔ ስጀምር ቅንጦት ማለት ዓይን የሚሞላ ነገር ነበር። እብነ በረድ፣ ትልልቅ ሻንዴሌር፣ ነጭ ጓንት አጥልቆ በር የሚከፍት ሰው። ሸራተን አዲስ በፈረንጆቹ 1998 ከተከፈተ በኋላ ሰው ስለ መኝታ ክፍሉ ሳይሆን ስለሚጨፍረው ፏፏቴ ነበር የሚያወራው። ዱባይም ቡርጅ አል አረብ በ1999 መጨረሻ ሲከፈት የሚወራለት ውስጡ የተለበጠበት የወርቅ ቅጠል ነበር። አሁንም እብነ በረድ የሚወድ አለ፤ ግን ከሁለት ደቂቃ በላይ አያየውም። ሎቢ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ ዋይፋይ ነው። ሂልተን አዲስ በፈረንጆቹ 1969 የተከፈተ አሮጌ ሆቴል ነው። በላሊበላ መስቀል ቅርጽ የተሠራው ገንዳው በፍል ውሃ ይሞላል። ዛሬ ሁሉም «ዌልነስ፣ ዌልነስ» (ጤናና እረፍት) ሲል ከመሬት የሚወጣው ያ ሙቅ ውሃ ከስንት ሻንዴሌር በለጠ።

አንድ ጥፋታችንን ልንገርሽ፤ የሆቴሉን ስም ተዪው። ከአሜሪካ ሌሊቱን ሙሉ በርራ ንጋት ላይ የገባች ቪአይፒ ነበረች። አምስት ሆነን ተሰለፍን። አንዷ አበባ፣ አንዱ ጁስ፣ አንዱ ትኩስ ፎጣ። ዋና ሥራ አስኪያጁ እጅ ጨበጠ፣ ንግግር አደረገ፣ ፎቶ ተነሳን። ሴትዮዋ አበባውን በአንድ እጅ፣ ጁሱን በሌላው ይዛ፣ ቦርሳዋ ከትከሻዋ እየተንሸራተተ ቆማለች። ጁሱን የሚቀበላት እንኳ አልነበረም። በኋላ በጻፈችው ሪቪው «ሁሉም ደግ ሰዎች ናቸው፤ እኔ ግን የምፈልገው አልጋ ነበር» አለች። ያቺን ዓረፍተ ነገር እስከዛሬ አልረሳኋትም።

ከዚያ ወዲህ ሥራውን ከፊት ጨርሰን መጠበቅ ጀመርን። የፓስፖርቷን ኮፒና የምትደርስበትን ሰዓት ቀድሞ መቀበል፣ ቁልፍ አዘጋጅቶ በር ላይ መስጠት፣ ፊርማውን ክፍሏ ውስጥ ማስፈረም። ክፍሉ ካልደረሰ ደግሞ «ትንሽ ይጠብቁ» አትበዪ። ሰዓቱን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪ። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ንገሪ! እኔ አንዴ ከውጭ እናቱን ይዞ ለመጣ ሐበሻ «ክፍላችሁ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳል» ብዬው፣ እሱ የማታውን የፈረንጅ ስምንት ሰዓት መስሎት እናቱን ይዞ ተናዶ ዘመድ ቤት ሄደ። ክፍሉ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ባዶውን ዋለ።

ሌላው ትልቁ ለውጥ እንቅልፍ ነው። ቀልድ እንዳይመስልሽ። ድሮ ጠዋት «እንዴት አደሩ» ስትዪ «ደህና» ይሉሽና ያልፋሉ። አሁን አንዱ ለእንቅልፉ ነጥብ የሚሰጠውን የእጅ ሰዓቱን ዘርግቶ እንደ ማትሪክ ውጤት ያሳይሻል፤ «ዛሬ 54 ነው ያገኘሁት» ብሎ። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት። ከባሕር ዳርቻ ከተማ ለመጣ ሰው የመጀመሪያው ሌሊት ይከብደዋል። ይህን ማታውኑ ብትነግሪው፣ ውሃ አብዛ፣ እራትህን ቀለል አድርግ ብትዪው፣ ጠዋት አንቺን አይወቅስም። የትኛው ክፍል ጄኔሬተር አጠገብ እንደሆነ፣ የትኛው መስኮት ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ ድምፅ ማጉያ እንደሚያይ በቃልሽ ያዢ። ሥርዓተ ማኅሌቱን መስማት የሚፈልግ እንግዳም አለ። ቁልፍ ከመስጠትሽ በፊት ጠይቂ።

በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ከውጭ የሚገባ ሁሉ በራሱ ወጪ 14 ቀን ሆቴል ይቆይ ተባለ፤ ታስታውሻለሽ። ምግብ በር ላይ አስቀምጠን አንኳኩተን እንሄድ ነበር። ያኔ እንደ ጭካኔ ነበር የማየው። ወረርሽኙ አለፈ፤ እንግዳው ግን ወደ ድሮ ልማዱ ብዙም አልተመለሰም። ማታ ማታ ገብታችሁ አልጋ አታንጥፉ፣ ፎጣ በየቀኑ አትቀይሩ የሚል በዛ። ሃውስ ኪፒንግ ያሉ ልጆች ቲፕ ቀነሰብን ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ምግብና ቡና ላይ ግን በእኛ አገር ለውጡ ደስ ይላል። ድሮ ቁርስ ላይ ፈረንጁ ካፑቺኖውን ጠጥቶ ይነሳል። አሁን ቡናው የይርጋጨፌ ነው የጉጂ፣ የታጠበ ነው ያልታጠበ ይልሻል። መልስ ከሌለሽ ያሳፍራል፤ የቡና አገር ላይ እኮ ነሽ። ቪጋን ነኝ የሚል በበዛበት ሰሞን አንድ ሼፋችን ለአንድ እንግዳ ሦስት ቀን ሙሉ ፓስታ በቲማቲም አቀረበለት። ወቅቱ የጾም ነበር፤ የሠራተኛው ካፌ ውስጥ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት ሞልቷል። አራተኛው ቀን ላይ አንዷ አስተናጋጅ ከራሳችን በያይነቱ አወጣችለት። እስኪሄድ ድረስ ሌላ አላዘዘም።

ስለ «ፐርሰናላይዜሽን»፣ እያንዳንዱን እንግዳ እንደ ፍላጎቱ ስለማስተናገድ፣ ብዙ ይነግሩሻል። ጥሩ ነው፣ ግን ልክ አለው። ኦፔራ ሲስተም (የእንግዳ መረጃ የምንይዝበት የሆቴል ሶፍትዌር) ላይ የአንድ እንግዳ ልደት ወጣልን። ኬክ ይዘን እየዘመርን ገባን። ሰውየው ከላይ ሸሚዝና ክራቫት፣ ከታች ፒጃማ ለብሶ ኦንላይን ስብሰባ ላይ ነው። ስክሪኑ ላይ ያሉት ሁሉ አጨበጨቡ፤ እሱ ቀላ። በሩ ላይ «አትረብሹኝ» የሚለው መብራት በርቶ እንደነበር ያየነው ስንወጣ ነው። ሲስተሙ የማይነግርሽ ብዙ አለ። ሁለት ትራስ እንደሚፈልግ፣ ከሊፍት አጠገብ እንደማይወድ፣ ሻይውን ያለ ቅመም እንደሚጠጣ መዝግቢ። ዘፈኑ ይቅር።

ሁሉም ተቀይሯል ብዬ ግን አልዋሽሽም። የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲደርስ ልዑካኑ ምንጣፉንም፣ ሰልፉንም፣ የበር ከፋቹንም ሰላምታ ይፈልጋሉ። እዚያ ላይ ያሳጠርሽው ነገር እንደ ንቀት ይቆጠራል። ከክልል ለሠርግ የሚመጡ የእኛ ቤተሰቦችም መጠየቅ፣ መጫወት ይወዳሉ። አይኤችጂ የሚባለው ትልቅ የሆቴል ኩባንያ በፈረንጆቹ 2019 ትንንሽ የሻምፑ ጠርሙሶችን ላስቀር ነው ካለ በኋላ ሌሎቹም ተከተሉ፣ እኛም ግድግዳ ላይ የሚታሰረውን አስገባን። ፈረንጆቹ አመሰገኑ። አንዲት እናት ግን «ታዲያ ለጎረቤት ምን ይዤ ልግባ?» አሉኝ። ከስቶር የቀሩትን ፈልጌ ሰጠኋቸው።

ስለዚህ ሰዉን ማንበብ ነው። ሰላም ስትዪው ቆም ካለ አጫውቺው። ዓይኑ ወደ ሊፍቱ ከሄደ ቁልፉን ስጪና ዞር በዪ። ዞር ማለት በስልጠና ላይ ብዙ አይነገርም፤ እኔ ግን አሥር ዓመት ፈጅቶብኛል።

ኮርሱን ለጊዜው ተዪው። ገንዘብሽን ያዢ። ኦፔራን እዚያው ያስለምዱሻል። ይልቅ የመጀመሪያውን ወር የሌሊት ሺፍት ጠይቂ። ረጅም በረራ የሚገባውም የሚወጣውም በሌሊትና በንጋት ነው፤ የደከመ እንግዳ ደግሞ ምን እንደሚፈልግ አይደብቅሽም። ጫማሽ ሂል የሌለው ይሁን። እብነ በረድ ላይ ስምንት ሰዓት ነው የምትቆሚው።