መልስ፦ ስክሪን ሪደሩ ለምን ዝም አለ?

ወንድሜ፣ ብሮውዘር ላይ የሠራኸውን ባለ3ዲ ዓለም ስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን ማየት ለተሳነው ሰው በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ለምን እንደማያነበው ጠይቀሃል። ስክሪን ሪደሩ አልተበላሸም። ዌብጂኤል (ብሮውዘር ውስጥ 3ዲ ምስል የሚስለው ቴክኖሎጂ) ካንቫሱ (ገጹ ላይ ያለው መሳያ ቦታ) ላይ የሚስለው ፒክስል፣ ማለትም ባለቀለም ነጥብ ብቻ ነው፤ በሩም፣ ወንበሩም፣ አጠገብህ የቆመው ሰውም ለስክሪን ሪደሩ ስም የላቸውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ነገር ስም ስጠውና ከካንቫሱ ጎን በተራ ኤችቲኤምኤል (ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ) እውነተኛ በተን (የሚጫን ቁልፍ) አድርገህ አስቀምጠው፣ ኪቦርዱ ላይ ታብ ሲጫን «በር፣ በስተቀኝ፣ 3 ሜትር» ብሎ እንዲያነብ። በማውስ ብቻ የሚሠራ ነገር አትተው፣ እጁን እንደልቡ ማንቀሳቀስ የማይችል ሰውም አለ። ብልጭታ ደግሞ በሰከንድ ከ3 ጊዜ እንዳይበልጥ፣ የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅስ ይችላል! ከሁሉ በላይ ግን ከመልቀቅህ በፊት ማየት የተሳነው ሰው ይሞክረው። አንተ ዓይንህን ጨፍነህ መሞከርህ እሱን አይተካውም።