አክተሩ ለምን አይደማም?

ስለ አክሽን ፊልም የመጡልኝን ጥያቄዎች ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ ናቸው።

የድሮዎቹን አሥር ጊዜ ባይ አይሰለቹኝም። በአዲሶቹ ግን እንቅልፍ ይወስደኛል። አርጅቼ ይሆን?

ጋሼ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይመስለኝም። «ዳይ ሃርድ»ን (1988) ያስታውሱ። ብሩስ ዊሊስ ጫማውን አውልቆ እግሩን ሲያፍታታ ተኩስ ይጀመራል። ከዚያ በባዶ እግሩ ነው የሚሮጠው። የወንበዴዎቹ አለቃ ይህን ያይና መስታወቱን በጥይት ያስረግፍበታል። ቀጥሎ ሰውዬው መታጠቢያ ቤት ተቀምጦ ስባሪውን ከእግሩ ሲነቅል እናያለን። ደሙ ይፈሳል፣ በሬዲዮ የሚያወራውን ፖሊስ ሚስቱን ይቅርታ እንዲጠይቅለት ይለምናል። ያኔ «አክተር አይሞትም» የሚባለውን እንረሳለን። የዛሬው ጀግና ከአሥረኛ ፎቅ ወድቆ አቧራውን አራግፎ ይሄዳል። እሱን ካላመመው እኔ ምን አስጨነቀኝ?

ሁሉንም ያበላሸው ኮምፒውተር ነው፣ አይደል?

እሱ ብቻ አይደለም። «ተርሚኔተር 2» (1991) ውስጥ እንደ ውሃ የሚቀልጠው ሰውዬ የኮምፒውተር ሥራ ነው። በድልድይ ሥር ሾልኮ የሚያልፈው ሄሊኮፕተር ግን እውነተኛ ነው፤ አብራሪ ነው ያሳለፈው። ኮምፒውተር የሚጠራው ሰው ለማይችለው ነገር ነበር። አሁን መኪና ለመገልበጥም ይጠራል።

ድብድብ ሲጀመር ማን ማንን እንደመታ አይታየኝም። ዓይኔን ልመርመር?

መነጽር አትግዛ። «ቴከን 3» ላይ ሊያም ኒሰን አጥር ሲዘል ቁጠር። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ምስሉ ከአሥር ጊዜ በላይ ይቆራረጣል። እንዲህ የሚደረገው ብዙ ጊዜ መዝለልም መደባደብም የማይችል ተዋናይን ለመሸፈን ነው። ጃኪ ቻን ግን የሚሸፈን ነገር የለውም። በ«ፖሊስ ስቶሪ» (1985) መጨረሻ በገበያ ማዕከል ውስጥ መብራት የተጠመጠመበት ምሰሶ ላይ ዘሎ እስከ ታች ይንሸራተታል። ያንኑ ዝላይ ደጋግመው ያሳዩናል። እጁ የምር ተቃጥሏል። በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት እዚህ ቦታ ሲደርስ አግዳሚው ላይ ያለነው ሁሉ ብድግ እንል ነበር። ባለቤቱ «ቁጭ በሉ፣ ከኋላ አይታይም!» ብሎ ይጮሃል። ራሱም ቆሞ ነበር።

ከአዲሶቹ አንድ እንኳ ደህና የለም?

አለ እንጂ! የ«ጆን ዊክ» (2014) ዳይሬክተር ቻድ ስታሄልስኪ፣ «ማትሪክስ» ሲሠራ በዋናው ተዋናይ በኪያኑ ሪቭስ ፈንታ የሚወድቅ የሚነሳ ሰው ነበር። ስለዚህ ካሜራውን ራቅ አድርጎ ያቆምና ድብድቡን ያሳየናል። «ማድ ማክስ፦ ፊውሪ ሮድ» (2015) ደግሞ እጅግ ይቆራረጣል፤ ግን ዋናው ነገር ሁሌ መሃል ላይ ስለሆነ ዓይን ግራ አይጋባም። ኤዲተሯ ማርጋሬት ሲክሰል ኦስካር ወስዳበታለች። ደግሞ እንተማመን፣ ድሮም ቆሻሻ ፊልም ሞልቶ ነበር፤ ረስተነው ነው።

ልጄ የድሮ ፊልም ሲባል ስልኩን ያወጣል። በምን ላስጀምረው?

በጃኪ ቻን። ምሰሶው ጋ ደርሶ ስልኩን ካላስቀመጠ ጻፊልኝ።