የኦቫሪ ሆርሞንና የአይጥ አንጎል፦ ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ጨርሻለሁ። ለማስተርስ የቀረበልኝ ርዕስ የኦቫሪ (የሴት እንቁላል የሚመረትበት አካል) ሆርሞኖች በአይጥ አንጎል ላይ የሚያመጡት ለውጥ ነው። ደስ ይላል፤ ግን በጣም ጠበበብኝ። በዚህ ተመርቄ ሥራ አገኛለሁ? እውነቱን ለመናገር ደግሞ አይጥ በእጄ ይዤ አላውቅም።

መልስ፦ ከአይጧ ልጀምር። ውሳኔሽ የሚያርፈው እሷ ላይ ይመስለኛል።

የሴት አይጥ የመራቢያ ዑደት ከ4 እስከ 5 ቀን ብቻ ነው። በእነዚህ ቀናት ውስጥ የኦቫሪ ሆርሞኖቹ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከእያንዳንዷ አይጥ ብልት ትንሽ ናሙና ወስደሽ በማይክሮስኮፕ ታያለሽ። አይጧ የት ደረጃ ላይ እንዳለች የሚነግሩሽ ሴሎቹ ናቸው። እሁድም አይቀርም፤ ዑደቱ ሰንበት አያውቅም። ሌላው መንገድ ኦቫሪውን በቀዶ ሕክምና አውጥቶ ሆርሞኑን በልክ መልሶ መስጠት ነው። አንጎሉን ቆራርጦ ለማየት ደግሞ እንስሳዋ መገደሏ አይቀርም። ይህ ከከበደሽ አያሳፍርም፤ ግን ከመፈረምሽ በፊት እወቂው።

«ጠባብ ነው» ባልሽው ግን አልስማማም። በ1990 የአንጎል ተመራማሪዎቹ ካተሪን ዉሊ፣ ብሩስ ማክዩንና ባልደረቦቻቸው የአይጥን ሂፖካምፐስ አይተው ነበር፤ ለማስታወስና ለመማር የሚያስፈልገውን የአንጎል ክፍል ማለት ነው። በነርቭ ሴሎቹ ቅርንጫፍ ላይ መልእክት የሚቀበሉ እሾህ መሰል ጥቃቅን ጉብታዎች አሉ። ኤስትሮጅን ከፍ ብሎ ሲወርድ፣ በ24 ሰዓት ገደማ ውስጥ የጉብታዎቹ ብዛት በ30 በመቶ ያህል ቀንሶ አገኙት። ያውም ባደገች፣ ጤነኛ አይጥ! ፕሮጄስትሮንም ከማህፀን ጉዳይ አልፎ ይሄዳል። አንጎል ውስጥ አሎፕሬግናኖሎን ወደሚባል ሞለኪውል ይለወጥና ነርቭን የሚያረጋጋውን ጋባ የተባለ ኬሚካል ተቀባይ ያበረታል። ይኸው ሞለኪውል በ2019 ብሬክሳኖሎን በሚል ስም ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ ድብርት በአሜሪካ መድኃኒት ሆኖ ጸድቋል።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ለረጅም ጊዜ የአንጎል ተመራማሪዎች በአብዛኛው በወንድ እንስሳት ይሠሩ ነበር። «የሴቷ ሆርሞን ውጤቱን ያበላሽብናል» የሚል ሰበብ ነበራቸው። በ2014 የወጣ ሰፊ ትንተና ግን የሴት አይጦች ውጤት ከወንዶቹ የበለጠ እንደማይዋዥቅ አሳየ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማትም ከ2016 ጀምሮ የምርምር ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሁለቱንም ፆታ እንዲያስብበት፣ ካልሆነም በቂ ምክንያት እንዲያቀርብ ይጠብቃሉ። ሁለቱን ፆታ ያካተተ ሙከራ በትክክል መንደፍ የሚችል ሰው ተፈላጊ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ፕሮፌሰርነትን ብቻ ካለምሽ ግን ወንበሩ ትንሽ፣ ወረፋው ረጅም ነው። ስለዚህ ርዕሱን ሳይሆን የእጅ ሙያውን ቁጠሪ። ሕብረ ሕዋስ ቀጭን አድርጎ መቁረጥና ማቅለም፣ ሆርሞን መለካት፣ የማይክሮስኮፕ ምስል መተንተን፣ ስታቲስቲክስ በአር ወይም በፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋዎች ናቸው) መሥራት። መድኃኒት በሰው ከመሞከሩ በፊት የሚፈትሹ ኩባንያዎች የሚፈልጉት ይህንን ነው። ከሁሉ አንዱን ምረጪ ካልሽኝ ስታቲስቲክሱን እላለሁ፤ የአይጡን ሥራ ብትተዪውም እሱ አብሮሽ ይሄዳል።

አሁን አማካሪ መምህሩን ቤተ ሙከራውን ለጥቂት ቀናት ልጎብኝ በይው። ቅዳሜና እሁድ ናሙና የሚወስደው ማን እንደሆነ፣ የቀድሞ ተማሪዎቹ የት እንደሚሠሩ፣ የእንስሳት ሥነ ምግባር ፈቃዱ በእጁ እንዳለ ጠይቂው። ፈቃዱ ገና ከሆነ ማስተርስሽ በመጠበቅ ሊያልቅ ይችላል። አስም ወይም አለርጂ ካለብሽ ደግሞ መጀመሪያ ሐኪም አማክሪ። በአይጥ ሽንትና ፀጉር የሚመጣ አለርጂ በዚህ ሥራ የተለመደ ነው።