የቦይ መጥረጊያው ገንዘብ ከጎርፉ ኋላ ሲደርስ

ክረምቱ ስለተቃረበ ነው መሰለኝ፣ ሰሞኑን ከአዳማ የደረሱኝ ጥያቄዎች ከአንዱ በቀር ስለ ጎርፍና ቦይ ናቸው።

«ደጃችን ያለው ቦይ በየዓመቱ ይጠረጋል። ሐምሌ ሲገባ ግን ጎርፉ ሳሎን ድረስ ይመጣል። ለምን?»

አዳማ ዙሪያዋን በኮረብታ የተከበበች፣ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ያረፈች ከተማ ናት። ከላይ የወረደው ዝናብ ማለፊያው በመሃል ከተማ ነው። ውሃ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! አሸዋና አፈር ጠርጎ ነው የሚወርደው። ሜዳ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንስና የተሸከመውን ሁሉ ቦይ ውስጥ ያራግፋል። ቆርቆሮው፣ አስፋልቱና የተነጠፈው ግቢ ስለበዛ መሬት የሚመጠውም ትንሽ ነው።

ጠረጋውንስ ልብ ብለውታል? ደለሉ በአካፋ ወጥቶ ቦዩ ጠርዝ ላይ ይከመራል። መኪና ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል። ዝናቡ ይቀድምና ክምሩን መልሶ ይከተዋል። በዕለቱ ካልተጫነ ባይወጣ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ የቀን ሠራተኛ ክፍያው ይተርፋል።

ዋናው ጣጣ ግን በጀቱ ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ቦይ መጠረግ ያለበት ግንቦት ላይ ነው፤ ያኔ ደግሞ ካዝናው ተሟጧል። አዲሱ ገንዘብ እስኪለቀቅ ጎርፉ ገብቶ ወጥቷል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ የመጪው ግንቦት መጥረጊያና ማጓጓዣ ለብቻው ይያዝ፤ ወደ ሌላ ሥራም አይዛወር። ኮረብታው ላይ እርከንና ክትር፣ ግርጌው ላይ ደለል ማስቀሪያ ጉድጓድ ሲጨመር ደግሞ ጠረጋው ራሱ ይቀላል። ችግሩ፣ ለጥገና ሪባን አይቆረጥም።

«ማዘጋጃ ቤት ነው የምሠራው። የመሠረተ ልማት ንብረት መዝግቡ ተባልን። ቦይና ቱቦ ቆጥሮ ምን ይገኛል?»

በጀት ይገኛል። ያልተመዘገበ ነገር ጥገና አይጠየቅለትም። ርዝመት፣ ስፋት፣ የተሠራበት ዓመት፣ ያለበት ሁኔታ፦ ይህን ቅጹ ይጠይቃችኋል። እኔ ሁለት ነገር እጨምርበታለሁ። አንደኛ፣ ውሃው የት ድረስ ደረሰ? የማዕዘኑን ባለሱቅ ጠይቁ፤ ግድግዳው ላይ የቀረውን የጭቃ መስመር ያሳያችኋል። በሜትር ለክታችሁ መዝግቡት። ሁለተኛ፣ ቢበላሽ ማን ይጎዳል? ወደ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ ሥር ያለ ቱቦ ከጓሮ መንገዱ ቱቦ የተሻለ ይዞታ ላይ ቢሆንም ቅድሚያው የእሱ ነው።

«በ2017ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ቤታችን ተወዛወዘ። የልጆቼ ትምህርት ቤት ያለው ትልቅ ሮቶ ያሰጋኛል።»

መስጋትዎ ትክክል ነው። በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተነሳው ንዝረት አዲስ አበባም ተሰምቷል፤ እኛ ያለነው ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ነው። አስር ሺህ ሊትር ውሃ አስር ቶን ይመዝናል፤ ያ ሁሉ በቀጭን ብረት እግር ላይ ቆሟል። የእግሮቹ ብሎን ላልቷል? ዝጓል? ሰያፍ ማጠናከሪያ ብረት አለው? ከታንከሩ የሚወጣው ቧንቧ የሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ ከሌለው በንዝረት ቶሎ የሚሰበረው እሱ ነው። የወላጅ ኮሚቴው በመሐንዲስ እንዲታይ ይጠይቅ።

«ጎረቤቴ ቆሻሻውን በሌሊት ቦይ ውስጥ ይደፋል። ምን ይሻለኛል?»

መጀመሪያ ቡና ጠርተው ይንገሩት። ካልሰማ ደንብ አስከባሪ አለ።