መልስ፦ የ«ዴመን ስሌየር» ሁለተኛ ሲዝን ለምን የተዘለለ ይመስላል?

የጃፓኑን የካርቱን ተከታታይ (አኒሜ) «ዴመን ስሌየር» የመጀመሪያ ሲዝን ጨርሰህ ሁለተኛውን ስትከፍት ታሪኩ ስለተዘለለብህ ፋይሉ ተበላሽቶ እንደሆነ ጠይቀሃል። ፋይልህ አልተበላሸም። የባቡሩን ታሪክ (Mugen Train) ዘለኸው ነው።

የመጀመሪያው ሲዝን መጨረሻ፣ 26ኛው ክፍል፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ ታንጂሮና ጓደኞቹ ባቡሩ ላይ ሲሳፈሩ ያበቃል። አንተ የከፈትከው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የመዝናኛ ሰፈሩን ታሪክ (Entertainment District) ነው። ታንጂሮ ቁስለኛ ሆኖ የማታውቀው ሰው ቤት ሲሄድ ግራ የገባህም ለዚህ ነው። መሃል ያለው በሁለት መልክ ወጥቷል፦

1. በ2020 ፊልም ሆኖ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ።
2. በ2021 በቴሌቪዥን፣ 7 ክፍል ሆኖ።

እኔን ከጠየቅከኝ ፊልሙን እይ። ውጊያው ሳይቆራረጥ ሲታይ ልብ ያንጠለጥላል። ግን መጀመሪያ የቴሌቪዥኑን 1ኛ ክፍል እየው። ሬንጎኩ (ታንጂሮ ባቡሩ ላይ የሚያገኘው ሰይፈኛ) ባቡሩ ላይ ከመውጣቱ በፊት ያደረገውን ያሳያል፤ ፊልሙ ላይ የለም። የቀሩት 6 ክፍሎች ከጥቂት ጭማሪ በስተቀር ያው ፊልሙ ናቸው።

ከዚያ ወደ መዝናኛ ሰፈሩ ተመለስ፤ 11 ክፍል ነው። አንዳንድ ቦታ ሁለቱንም «ሲዝን 2» ይሏቸዋል፣ ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን የታሪኩን ስም እያየህ ክፈት።

አደራ፣ እስክትጨርስ የሬንጎኩን ስም ዩቲዩብ ላይ እንዳትፈልግ። መጨረሻውን ገና በሽፋን ምስሉ ላይ ይዘረግፉታል። ብዙ ጓደኞቼ እንዲህ ሆኖ ታሪኩ ተበላሽቶባቸዋል።