የወላጅ ተወካይ ስንመርጥ፦ ከባሕር ዳርና ከዘጌ ወላጆች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ተወካዮች የሚመረጡት በወላጆች ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ብዙ ጊዜ ምርጫው የሚደርሰው ሰው ሊበተን ሲል ስለሆነ፣ ጥያቄዎቹ ቀድመው ተሰብስበው የትምህርት ቤት አስተዳደርን አሠራር ለሚያውቅ ሰው ቀርበዋል።

ጥያቄ፦ ወተመህና የቀበሌው ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ሁለቱም ትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ባወጣው የትምህርት አመራር፣ የሕዝብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያ ላይ የቆሙ ናቸው። ቦርዱ በቀበሌው ያሉትን ትምህርት ቤቶች ይመለከታል፤ ወተመህ ግን የአንድ ትምህርት ቤት ነው። እርስዎ እጅ አውጥተው የሚመርጡት ይህን ሁለተኛውን ነው።

ጥያቄ፦ ሰው ሲጠቆም “ጎበዝ ነው፣ ይሁን” ብለን እናልፋለን። ምን ብንጠይቅ ይሻላል? (ከፋሲሎ፣ የሁለት ልጆች እናት)

እህቴ፣ አራት ነገር ይጠይቁ። በሳምንት የትኛውን ግማሽ ቀን ለትምህርት ቤቱ መስጠት ይችላሉ? “ሲያስፈልግ እመጣለሁ” የሚል ሰው አይመጣም። ልጅዎ ስንተኛ ክፍል ነው? ልጁ ዘንድሮ የሚጨርስ ወላጅ ሥራውን በለመደ ማግስት ይወጣል። ለትምህርት ቤቱ ዕቃ ያቀርባሉ ወይ፣ ሱቁን ወይም ሻይ ቤቱንስ ተከራይተዋል ወይ? ይህን የሚያደርግ ሰው ግዥና ኪራይ መቆጣጠር አይችልም፤ ጸባዩ ቢያምርም አይምረጡት። በመጨረሻም፣ በየመንፈቀ ዓመቱ ገቢና ወጪውን በሰሌዳ ላይ ያስለጥፋሉ? መልሱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር።

በስብሰባ ደህና መናገርና መሥራት የተለያዩ ናቸው። ልጅ የሚያደርሱትና የሚመልሱት፣ ልጅ ሲታመም የሚጠሩትም በአብዛኛው እናቶች ናቸው፤ ስለ መጸዳጃ ቤቱም ሆነ ስለ መምህሩ መቅረት ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ከተጠቆሙት መካከል እናቶች ከሌሉ እርስዎ ይጠቁሙ።

ጥያቄ፦ የልጄ ክፍል 80 ተማሪ ነው። ወተመህ ምን ሊያደርግ ይችላል?

መለኪያው ለመጀመሪያ ደረጃ በአንድ ክፍል 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ነው። መጀመሪያ ይቆጠር፦ መዝገቡ ላይ ያለው ስንት ነው፣ በማክሰኞ ጠዋት ወንበር ላይ ያለውስ? የተሰባበረ ወንበር የታጨቀበት ክፍል ካለ እሱ ይጸዳ። ከዚያ በኋላ ነው ፈረቃ ወይም ተጨማሪ ክፍል የሚታሰበው።

ተጨማሪ ክፍል መምህር ይፈልጋል፤ መምህር ደግሞ በጀት። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ስለዚህ የመምህር ጥያቄ በጽሑፍ ለክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት መግባት ያለበት ዕቅድ ሲዘጋጅ፣ ቢዘገይ በመጋቢት ነው። በጥቅምት የጠየቀ “በጀት አልቋል” ይባላል፤ መልሱም እውነት ነው።

ግንባታ ከሆነ መሬቱ ይታይ። ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ጥልቀት ከሌለው ግድግዳውን ይዞት ይሰነጠቃል። ዋልካው ተቆርጦ ይውጣና በተመረጠ አፈር ይሞላ፤ የመሠረት ሥራው ሰኔ ሳይገባ ይጠናቀቅ።

ጥያቄ፦ “መዋጮ ካልከፈላችሁ ልጃችሁ አይመዘገብም” ተባልን።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ፣ በ2015 ዓ.ም. በአዲስ ፖሊሲ ከመተካቱ በፊትም፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ 10ኛ ክፍል ትምህርት በነጻ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። መዋጮ ወላጅ በጉባኤ ተስማምቶ የሚሰጠው እንጂ የምዝገባ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። መዋጮውን የወሰነውን ቃለ ጉባኤ አሳዩኝ ይበሉ። ከከፈሉም ሞዴል 64 የሚባለውን የመንግሥት የገቢ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ በብጣሽ ወረቀት የተጻፈ ደረሰኝ አይደለም። ልጁ ከተከለከለ ለርዕሰ መምህሩ፣ ከዚያ ለክፍለ ከተማው፣ ከዚያ ለከተማው ትምህርት መምሪያ በጽሑፍ ያመልክቱ።

ጥያቄ፦ ሒሳብ አልተማርኩም፤ ተመርጬ ገንዘቡን እንዴት እቆጣጠራለሁ? (ከመሸንቲ፣ ገበሬ)

ወንድሜ፣ መደመርና ቁጥር ማመሳከር ይበቃል። ገቢው ከመንግሥት ድጎማ፣ ከመዋጮ፣ ከእርዳታና ከውስጥ ገቢ (ሣር፣ ባሕር ዛፍ፣ ኪራይ) ይመጣል። የደረሰኙን ጥራዝ ተከታታይ ቁጥር ይዘው ከባንክ ማስገቢያው ጋር ያስተያዩ። ቁጥር ከዘለለ ወይም ገንዘቡ ባንክ ሳይገባ ከሰነበተ ምክንያቱን ይጠይቁ። የተገዛው ዕቃ ንብረት ክፍል ሲገባ ሞዴል 19 የሚባል የዕቃ መቀበያ ቅጽ፣ ሲወጣ ሞዴል 22 የሚባል የዕቃ ማውጫ ቅጽ ይቆረጥለታል። የግዥ ደረሰኝ ኖሮ ሞዴል 19 ከሌለ ዕቃው መግባቱ አልተረጋገጠም፤ ወደ መጋዘኑ ሄደው በዓይንዎ ይዩ።

ጥያቄ፦ እኛ ዘጌ ነን፤ ልጆቻችን በቢልሃርዚያ ይቸገራሉ። ይህ የትምህርት ቤት ጉዳይ ነው?

በሚገባ። በሽታውን የሚያመጣው ትል በጣና ሐይቅ ዳር ባለ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ ውኃ ውስጥ በገባ ሰው ቆዳ በኩል ይገባል። በትምህርት ቤት የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል፤ ልጁ ግን በማግስቱ ከሐይቁ ውኃ ከቀዳ ወይም ከዋኘ ይመለስበታል። ስለዚህ መድኃኒቱ ያለ መጸዳጃ ቤትና ያለ ንጹሕ ውኃ አይዘልቅም። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ለ25 ሴት ተማሪዎች አንድ መቀመጫ፣ ለ50 ወንዶች አንድ መቀመጫና ሽንት መሽኛ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ በቀን 5 ሊትር ውኃ ነው። 600 ተማሪ ካላችሁ 3,000 ሊትር ማለት ነው፤ የሮቶው መጠን በዚህ ይሰላ። በሐይቁ ዳር በክረምት የከርሰ ምድር ውኃ ወደ ላይ ስለሚመጣ ጥልቅ የመጸዳጃ ጉድጓድ ይሞላና ይፈሳል። ከዳርቻው ራቅ ብሎ፣ ጉድጓዱ በግንብ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይሠራ።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወርድ ወላጅ ምን ያገባዋል?

ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። ክፍተቱ የሚጀምረው በታችኞቹ ክፍሎች ነው። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤት በየትምህርት ዓይነቱ ተለይቶ ለጉባኤ ይቅረብ። “መጽሐፍ አለ?” ሳይሆን “በ5ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ለስንት ልጅ ስንት አለ?” ተብሎ ይጠየቅ። በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት ብዙ የትምህርት ቀን ባክኗል፤ ያልተሸፈኑት ምዕራፎች በዝርዝር ተይዘው በቅዳሜ ማካካሻ ይገቡ። የ3ኛ ክፍል ልጅዎን ዛሬ ማታ አንድ አንቀጽ ያስነብቡት፤ ፊደል እየቆጠረ ከሆነ ነገ መምህሩን ያነጋግሩ።

ጥያቄ፦ አቤት ካልኩ ልጄ ላይ እንዳይመጣ እፈራለሁ።

ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። ብቻዎን አይሂዱ፤ ከአምስት ስድስት ወላጅ ጋር በአንድ ማመልከቻ ይፈርሙ። የልጅ ስም አይጻፍ፤ ክፍሉና ችግሩ ብቻ ይጻፍ። በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ እርስዎ ጋር በሚቀረው ላይ ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር ያስደርጉ።